መሬት ላይ የሚቆመው ሰው

ስልጠናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው የኋላውን ስታነቡ «ምስኪን፣ ሳያውቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ሌላው እንዲያውቅ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጮኸውም እኔ ነበርሁ፤ የተቀጠርሁትም ለዚሁ ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም፣ ቦታው ሸሕዲ ዳርቻ ነበር። አንድ የጎንደር ባለሀብት ወደ መተማ የሚወስደውን አስፋልት ተጠግቶ ትልቅ የሰሊጥ መጋዘን ያሠራ ነበር። የብረት ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ጣሪያው ገና ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በአካባቢው ድሮም በእንጨት መወጣጫ ነበር የሚሠራው፤ ባለሀብቱ ግን ክረምቱ ሳይገባ ይለቅልኝ ብሎ ማንሊፍት ተከራየ። ማንሊፍት ረጅም ክንድ ያለው፣ ሰውን በብረት ቅርጫት ይዞ ወደ ላይ የሚያነሣ ማሽን ነው። በከባድ መኪና ተጭኖ የገባ ቀን የከተማው ሰው ሥራውን ጥሎ ሊያየው ወጣ። አንድ ሽማግሌ ዙሪያውን ዞረው ዞረው ሲያበቁ፣ «ከዚያ ላይ ሆኖ ሱዳን ይታያል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሱዳን እንኳ አይታይም አባቴ፤ የሰው ጓሮ ግን ይታያል» አልኋቸው።

«እንግዲያው ክፉ ነገር ነው» አሉና ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ። ያን ቀን በጣም ነበር የሳቅሁት።

እኔ ሃምሳ ዓመቴን የተሻገርሁ፣ ዕድሜዬን በግንባታ ቦታ የጨረስሁ የጎንደር ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ተልኬ ስለ ከፍታ ሥራ ደኅንነት የሰለጠንሁበት የምስክር ወረቀት በፕላስቲክ ተለብጦ ቦርሳዬ ውስጥ ይኖራል፤ ማንም ሳይጠይቀኝ አውጥቼ የማሳይበት ጊዜም ነበር። ሠራተኞቹ በስሜ አይጠሩኝም። «ሴፍቲ መጣ፣ ሄልሜትህን አድርግ» ይባባላሉ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ስልጠናውን ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ነበር የሰጠሁት። ሠራተኞቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ፣ እኔ ቆምሁ። ማሽኑን መሬቱን ሳታዩ አታቁሙ አልኋቸው፤ ዋልካ መሬት ሲደርቅ ሲሚንቶ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ተሰነጣጥቆ ባዶ ነው። ቀበቶህን ከቅርጫቱ ጋር ሳታቆላልፍ እንዳትነሣ፤ እጅህን ከቅርጫቱ ጠርዝ ውጪ እንዳታስቀምጥ፤ ወዴት እየሄድህ እንደሆነ ሳታይ ቅርጫቱን የሚያንቀሳቅሰውን እጀታ እንዳትነካ። ከዚያ ወደምወደው ክፍል ደረስሁ፤ መሬት ላይ ስለሚቆመው ሰው።

«ላይ ያለው የሚያየው ሥራውን ነው» አልሁ። «አደጋውን የሚያይለት መሬት ላይ ያለው ነው። ስልክ አያነሣም፣ ሰላምታ አይመልስም። ሽንቱ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ቅርጫቱን ያስወርዳል፣ ከዚያ ይሄዳል።»

ሳቁ። ሲስቁ ጊዜ ልቤ ሞቀና እንደ ተማሪ አስደገምኋቸው።

«መሬት ላይ ያለው ሰው ዓይኑን ከየት አይነቅልም?»

«ከቅርጫቱ!»

ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አንድ የጎጃም ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭደውን ሠራተኛ እዚህ ሳሉግ ይሉታል፤ እሱም በሳሉግነት መጥቶ፣ አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ነው። ብሎን ማጥበቅ ከማንም ቀድሞ ለመደ፤ ከፍታም አያስፈራው። የስልጠናውን መፈረሚያ ወረቀት ሳዞር፣ መጻፍ አልችልም አለና የግራ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አሳረፈ። ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ እያየ፣ «ጋሼ፣ ይች ጣት ብዙ ወረቀት ላይ አርፋለች፤ ሰማይ ስትወጣ ግን ይኸ መጀመሪያዋ ነው» አለኝ።

እሱ ላይ እንዲሠራ፣ እኔ መሬት ላይ እንድቆም ወሰንሁ። ለሌላ ሰው አደራ አልሰጥም ብዬ ነው። ማሽኑ ታችም መቆጣጠሪያ አለው፤ ላይ ያለው ሰው ችግር ቢገጥመው ከታች የሚወርድበት። አላፊ አግዳሚው እየመጣ ሲነካካብኝ ጊዜ መቆጣጠሪያው ያለበትን ሳጥን ክዳን ቆለፍሁና ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ። ሳጥኑ መቆለፍ እንደሌለበት ተምሬ ነበር። ግን እኔ አለሁ፣ ከቦታዬ አልንቀሳቀስ፣ ምን ይመጣል አልሁ።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ።

መጋቢት ላይ የመተማን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ በግማሹ ነው የሚረዳው። ሥራ የምንጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ብረቱ እጅ ስለሚፈጅ እናቆማለን። በዚያ ቡድን የነበሩት ሁሉ ጾመኞች ነበሩ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምሱም። ሱዳኖች ዚር የሚሉት ትልቅ የውኃ ጋን ከኒሙ ሥር ተቀምጧል፣ ጣሳው በላዩ ተደፍቶ ይውላል። «እጾማለሁ» ብሎ የሚናገር የለም፤ ጾምን ማውራት ጉራ ነው። ግን ጣሳው እንደተደፋ ሲውል ሁሉም ያያል።

እኔ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ወደ ቆላ ስወርድ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው፣ «በዚህ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት፣ መድኃኒት እየዋጥህ ውኃ አልጠጣም ብትል ጾም ሳይሆን ድፍረት ነው፤ ጠጣ» ብለውኛል። ተፈቅዶልኛል ማለት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ሠራተኞቹ ሲጨዋወቱ አንደኛው፣ «ሴፍቲን አያችሁት? በዚህ ዕድሜው እንደኛ ጠብ ሳያደርግ ይውላል» አለ። ሁሉም በአክብሮት አዩኝ። እኔም ዝም አልሁ። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ዝምታ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጣሳውን ማንሣት ነውር ሆነብኝ። እግዚአብሔር የፈቀደልኝን ከሰው መደበቅ ጀመርሁ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከዕቃ ማስቀመጫው ኮንቴይነር ጀርባ አኖር ነበር።

የስልጠናው ወረቀት ላይ ስለ ሙቀትና ስለ ውኃ አንድ ገጽ ነበር። በስልጠናው ቀን ዘልዬዋለሁ። ስለ ውኃ ሳወራ አፌ ሊደናቀፍብኝ ሆነ፤ «እርስዎስ ጋሼ?» የሚል ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ረቡዕ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የጎጃሙ ሰው ላይኛው አግዳሚ ብረት ሥር ሆኖ ብሎን ያጠብቃል። ሌሎቹ ከመጋዘኑ ማዶ ቆርቆሮ ይቆርጣሉ። ጭንቅላቴን ወጋኝ፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይውለበለባል። ቅርጫቱን አስወርጄ ልሄድ እችል ነበር። ግን ሲወርድ «ወዴት ነው ጋሼ?» ይለኛል፤ ምን ልለው ነው? ሁለት ጉንጭ ብቻ አልሁ በሆዴ። በእጄ እዚያው ሥራህን ሥራ የሚል ምልክት አሳየሁትና ወደ ኮንቴይነሩ ጀርባ ዞርሁ።

ጠርሙሱ አፌ ላይ ሳለ ድምፁን ሰማሁ። መጀመሪያ ጩኸት አልነበረም፤ ሰው እንደሚጣራው፣ «ጋሼ! ጋሼ!» አለ። መሬት ላይ ያለው ሰው ቦታው ላይ አለ ብሎ ነዋ የሚጣራው። ሁለተኛው ነው ጩኸት የሆነው። ጠርሙሱን ጥዬ እሮጣለሁ፤ ስደርስ ቅርጫቱ ወደ ላይ ሄዶ አግዳሚውን ብረት ገጥሟል፣ የሰውየው ግራ እጅ በቅርጫቱ ጠርዝና በብረቱ መካከል ተይዟል። አንድ ሠራተኛ ቀድሞኝ ደርሶ የሳጥኑን ክዳን ይታገላል። «ቁልፍ! ቁልፉን!» ይለኛል። ኪሴ ገባሁ። እጄ በውኃ ረጥቦ ስለነበር ቁልፉ አመለጠኝና ወደቀ። አንሥቼ ከፈትሁ፣ አወረድሁት። ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። እሱ ግን ያውቃል።

ጎንደር ድረስ በፒካፕ ስንወስደው እጁን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤለት ነበር። በየመሐሉ «አይዞዎ ጋሼ» ይለኛል። እሱ እኔን። ሐኪም ቤት ሲደርስ ለቀዶ ጥገናው ፈርም አሉት። ግራውን ሊያነሣ ሞከረና ቀኝ አውራ ጣቱን ሰጣቸው። «ያችኛዋ ሰማይ ላይ ቀረች» አለ ወደ እኔ እያየ። ከአምስት ጣቶቹ የተረፈችው ትንሿ ብቻ ነበረች።

ከሦስት ቀን በኋላ ባለሀብቱና መሐንዲሱ ጠሩኝ። «መሬት ላይ የሚቆመው ሰው የት ነበር?» አሉኝ።

«ቦታዬ ላይ» አልሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቀድሞኝ የደረሰው ሠራተኛ እንኳ ቁልፍ ፍለጋ ሄጄ የነበረ መስሎት ምንም አላለም። ለማረጋገጥ ሐኪም ቤት ደወሉና የተጎዳውን ጠየቁት፤ ድምፁ ከስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። «ሴፍቲው ቦታው ላይ ነበር?» አሉት። «አዎ፣ ነበሩ» አለ። አላየኝም ማለት ነው አልሁ። ተመስገን ብያለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ እግዚአብሔርን ተመስገን ብያለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ስልጠና ወስዷል፣ ማስረጃው ተያይዟል፤ እጁን ከቅርጫቱ ጠርዝ ውጪ በማስቀመጡና ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ እጀታውን በማንቀሳቀሱ አደጋው ደርሷል፤ መሬት ላይ የሚቆመው ባለሙያ በቦታው ነበር። ከመጨረሻው መስመር በቀር ሁሉም እውነት ነው። የተያያዘው ማስረጃ ያ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ጣቱ ተቆርጦ ቀርቷል፣ አሻራው ግን በእሱው ላይ ይመሰክራል።

ጥፋቱ የራሱ ነው ተባለ። ከግንባታው ወጣ። ወደ አጨዳም መመለስ አይችልም፤ ሰሊጥ ሲታጨድ ግራ እጅ አገዳውን ሰብስቦ ካልያዘ ማጭድ ብቻውን ምንም አያደርግ። ሰሊጥ ወደሚመረትባቸው ወደ አብደራፊም፣ ወደ አብርሃ ጅራም ሄዶ ሥራ ጠይቆ ነበር አሉ፤ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። «ሰልጥኖ የማይሰማው፣ እጁን ያስበላው» ይሉታል። በመጨረሻ ባለሀብቱ አዘነለትና የመጋዘኑ በር ላይ ዘበኛ አደረገው።

ዓመት አለፈ። ያኔ ከዚያ ወጥቼ ሌላ ቦታ እሠራለሁ። በዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እኔም እንደ ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም አልሁ፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ። ራሴን መቅጣቴ ነበር መሰለኝ። ጭንቅላቴን ሲወጋኝ ይበለኝ እላለሁ። በዚያው ሰሞን ባለሀብቱ ደወለልኝ፤ ከመጋዘኑ ጎን ሁለተኛ ሊያሠራ ነው፣ ማንሊፍቱም ይመጣል፣ ሠራተኞቹን አሠልጥንልኝ አለኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። እንቢ ብል ለምን ይሉኛል ብዬ እሺ አልሁ።

በሩ ላይ አገኘሁት። ከሩቅ ሲያየኝ ተነሣ፣ ትከሻዬን ሳመኝ፣ በርጩማውን ለቀቀልኝ። ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀኝ። ግራ እጁን ከነጠላው ሥር አድርጎታል። ቀትር ላይ ስለነበር ላቤ ይንጠፈጠፋል። ሳላስበው ጎኑ ካለው ዚር በጣሳ ቀድቶ በቀኝ እጁ አቀረበልኝ።

«ይጠጡ ጋሼ፤ ፊትዎ ጠቁሯል።»

«ሰዓቱ አልደረሰም» አልሁት።

«ለእርስዎ ደርሷል» አለ። ጣሳውን አልመለሰም። «ያን ጊዜም ይጠጡ ነበር እኮ።»

የዘረጋልኝን ጣሳ አየሁ።

«ከላይ ሆኜ አይዎ ነበር» አለ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ዝግ ብሎ። «አንድ ቀን አይደለም። ቅርጫቷ ከኮንቴይነሩ በላይ ከፍ ካለች የማይታይ ነገር የለም። ክኒን ሲውጡም አይቻለሁ። የታመመ ሰው ነው አልሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«ምን ልበል? ትልቅ ሰው ተደብቆ ሲጠጣ ቆሞ ማየት ነውር አይደለም? ዞር ባሉ ቁጥር ፊቴን አዞርልዎ ነበር። ያን ቀንም አዞርሁ። ቀኝ እጄ እጀታውን እንደያዘች ረሳኋት፤ አብራኝ ስትዞር ገፋችው።»

ዓመቱን ሙሉ ጥፋቴን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከቦታዬ መሄዴ፣ ቁልፉን መያዜ፣ መዋሸቴ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ሰውየው ጣቶቹን ያጣው እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው።

ጣሳውን ያዝሁ፤ ሊዋጥልኝ አልቻለም፣ መለስሁለት። «ዛሬውኑ ለባለሀብቱ እውነቱን እነግራለሁ፣ ሪፖርቱን እለውጣለሁ» አልሁት።

ይህን ጊዜ ነው የደነገጠው። «ኧረ ጋሼ፣ ተዉ! እኔ 'ቦታቸው ላይ ነበሩ' ብዬ መስክሬያለሁ እኮ። እርስዎ እውነተኛ ሊሆኑ እኔ ውሸታም ልሆን ነው? ውሸታም ዘበኛ ማን ያስቀምጣል? የቀረችኝ ይች በር ናት።»

ያን ቀን ወደ ማረፊያዬ ሄጄ ሪፖርቱን እንደገና ጻፍሁት። መሬት ላይ የሚቆመው ሰው ቦታው ላይ አልነበረም አልሁ፤ ሠራተኛው በቦታው ነበር ብሎ የመሰከረው የእኔን ነውር ሊሸፍን ነው፣ ውሸቱም የሚቆጠረው በእኔ ነው ብዬ ጨመርሁ። ይህን ያደረግሁት ለእሱ ይሁን ለራሴ ሰላም እስካሁን አላውቅም። ወረቀቱን ለማንም ሳልሰጥ ከዚያ በፕላስቲክ ከተለበጠው ምስክር ወረቀቴ ጎን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

በማግስቱ ጠዋት ከዚያው ኒም ሥር አዲሶቹ ሠራተኞች ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ። በሩ ከእኛ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ እሱ በርጩማው ላይ ሆኖ ያዳምጣል። የጀመርሁት አምና ከዘለልሁት ገጽ ነው። «የሚጾም ይጹም፤ የሚያዞረው ግን ቅርጫት ላይ አይወጣም። የሚጠጣም እዚህ፣ በሰው ፊት ይጠጣ» አልሁና ጣሳውን አንሥቼ ከዚሩ ቀዳሁ። እያዩኝ ጠጣሁ። አንዱ አቀረቀረ። ከዚያ ታሪኩን ነገርኋቸው፤ ላይ ስለነበረው፣ መሬት ላይ ስለነበረው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ኮንቴይነሩ ጀርባ። ስም አልጠራሁም።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ እጁን አወጣ። «መሬት ላይ የነበረው ሰውየ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ምንም አልሆነ» አልሁ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ማነው እሱ?»

ወደ በሩ አየሁ። በርጩማውን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶናል፤ አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ መኪና ሳይኖር አስፋልቱን ያያል። የፈለግሁትን እንድመልስ ፊቱን አዙሮልኛል፤ እንደ ያኔው።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሱ ግን አልዞረም።